ከእንሰቱ ጀርባ የወጣች ቃል

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ አስተምሬያለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በሰው አፍ ላይ የቀረች የእኔ ቃል አንዲት ናት፤ እሷም ትርጉም የላትም።

ነገሩ የመጣው ከቃሪያ በሚፈጨው ማባያችን፣ በዳጣ ነው። ወላይታ ሆኖ ጥሬ ሥጋ በዳጣ ሲበላ እንባው የሚመጣበት ሽማግሌ ምን ሽማግሌ ይባላል? ያ ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ግን ማንም አያውቅብኝም። ቃሪያው አፌን ሲፈጀኝ ፈገግ እልና እጨምራለሁ። ከዚያ «እጄን ልታጠብ» ብዬ ከጓሮ እንሰቱ ጀርባ እሄዳለሁ። እዚያ ደግሞ እንዳጋጣሚ በጣሳ ውሃ አይጠፋም።

አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አየር ስስብ «ጲምቦስ» የሚል ድምፅ አመለጠኝ። አብራን የምትኖረው የልጅ ልጄ ከኋላዬ ቆማ በስልኳ ቀድታዋለች።

«አባባ፣ ፊትህ አይታይም፣ ድምፅህ ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው?»

«ልቀቂው» አልኳት። ወዴት እንደሚሄድ መቼ ገባኝ።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይቆይ የባጃጁ ሹፌር ጎማው ሲተነፍስበት «ጲምቦስ» አለ። ፈተና የወደቀውም ያለፈውም ተማሪ እንደዚያው። ራቅ ብላ ዲምቱ ከተማ ያለችው እህቴ ደወለች።

«እነዚህ ልጆች ምን እያሉ ነው? አንተ መምህር ነህ፣ ንገረኝ እንጂ።»

«የዘመኑ ነገር ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ዲምቱ ድረስ! ያስተማርኩት ሰዋስው እኮ ከክፍሉ በር አልፎ አያውቅም።

የልጅቷ አባት፣ ልጄ፣ ግን አልሳቀም። የቢሮ ሰው ነው፣ ቁም ነገረኛ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገበታው ላይ እንደተቀመጥን የልጅቷን ስልክ ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተው።

«አባዬ፣ ይቺ ልጅ ምን ብጠይቃት መልሷ ጲምቦስ ሆኗል። ከየት እንዳመጣችው ካልነገረችኝ ስልኩን አታየውም። ቋንቋ አዋቂው እርስዎ ነዎት፣ ይፍረዱ።»

ልጅቷ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። ስልኳ ይቅር እንጂ እኔን አሳልፋ ልትሰጥ አልፈለገችም።

በዳጣ ያተረፍኩትን የዕድሜ ልክ ስሜን አሰብኩት። ሥጋውን ዳጣው ውስጥ ደህና አድርጌ ነከርኩና ጎረስኩ። ከቦታዬ አልተነሣሁም። እንባዬ ወረደ፣ ጉንጬ ተነፋ፣ ቃሏም በሙሉ ድምፅ ወጣች።

ልጄ እጁ ወደ ሥጋው እንደተዘረጋ ቀረ። «እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ዳጣ ያቃጥለኛል። ድሮም ያቃጥለኝ ነበር።»

«ከተጋባን ጀምሮ አውቃለሁ» አለች ባለቤቴ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «እንሰቱ ሥር ውሃ የማስቀምጠው ለማን መሰለህ? ለእንሰቱ ነው?»

ልጄ ስልኩን አውጥቶ ለልጅቷ መለሰላት። ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ፣ «እና አክስቴ እንዳለችው ዲምቱ ድረስ ደርሷል?» አለኝ።

«ዱቦም ደርሷል» አለች የልጅ ልጄ።

ኮሌታዬን አስተካከልኩና ውሃ ጠየቅሁ፤ እዚያው ገበታው ላይ፣ በሰው ፊት።