የሻምበሉ ኮት ቁልፎች

ጋሽ ወርቁ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የከሰል ካውያ ነው። ሱቁ ናዝሬት ገበያ አጠገብ ነበር። ከሰሉን አቀጣጠልኩ፣ አመዱን አራገፍኩ፣ የካውያውን ሆድ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ጋሽ ወርቁ ከሲንገር ስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ “ካውያውን ከቻልክበት መርፌ እሰጥሃለሁ” አሉኝ።

መጀመሪያ የተኮስኩት የሻለቃ ታምሩን ሱሪ ነው። ሻለቃው የድሮው ጦር አካዳሚ ምሩቅ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ታስረው ከተፈቱ በኋላ ማዕረግም ጡረታም አልነበራቸውም። እህል ተራ ሚዛን ላይ ይሠራሉ፣ በየሳምንቱ ቀበሌ ሄደው ይፈርማሉ። ሱሪውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

“ሁለት መስመር አለው። በየትኛው ልሂድ?”

“ይቅርታ ሻለቃ፣ እንደገና እተኩሰዋለሁ።”

“ሻለቃ ብለህ አትጩህ። መተኮሱን ግን ቶሎ በል።”

ሲወጡ ጋሽ ወርቁ ሳቁ። “እነዚህ የአካዳሚ ሰዎች ራታቸውን ይተዋሉ እንጂ የሱሪ መስመር አይተዉም።”

የቀረውን ሙያ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። የተጣለ ኮት እየገዛሁ ስፌቱን እፈታለሁ፣ ቁርጥራጩን ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምራለሁ፣ ከዚያ መልሼ እሰፋዋለሁ። እጅጌ አገባብን የለመድኩት በዚህ መንገድ ነው።

መርፌ ከያዝኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሻለቃ ታምሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኮት ይዘው መጡ። ጥቁር ሰማያዊ የሥነ ሥርዓት ኮት ነው። የትከሻ ማዕረጉና ቀዩ ጥለት ተፈትቷል። የነሐስ ቁልፎቹ ግን አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንበሳና ዘውድ ተቀርጿል።

ኮቱ የሻምበል ለማ ነው። ሻምበሉ የሻለቃው የኮርስ ጓደኛ ነበሩ። እስር ቤት ታመው ሞቱ፣ አስከሬናቸው ለቤተሰብ አልተሰጠም። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ሁሩታ ነው የሚኖሩት፤ ኮቱን የላኩትም እሳቸው ናቸው። የሁሩታ ቀበሌ ለአርባቸው ጸሎትና ምሳ ፈቅዷል። ድንኳን የለም፣ የመኮንን ፎቶግራፍ የለም፣ ዘውድ ያለበት ነገር ከተገኘ ሁሉም ይታሰራል።

እኔ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ጥቁር የቀንድ ቁልፎች አወጣሁና የነሐሱን ክር ለመቁረጥ ምላጭ አነሳሁ። ሻለቃው እጄን ያዙኝ።

“ምን ልታደርግ ነው?”

“ልቀይራቸው። ማንም አያውቅም።”

“እኛ እናውቃለን።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ዕጩ መኮንን ሳለን ይህ ኮት የተሰጠን ቀን የራሱን ቁልፍ የቆለፈ የለም። ጓደኛ ነው የሚቆልፍለት፣ አንዱን ቁልፍ አንድ ሰው። ሲሞትም ያንኑ ቁልፍ ያው እጅ ይቆልፈዋል። በሕይወት የሌለ ሰው ቁልፍ ክፍት ይቀራል። አሁን አስከሬን የለንም። ያለን ይኸው ነው።”

ጋሽ ወርቁ መስፋታቸውን አቆሙ። “ሻለቃ፣ ከተያዙ ሁለተኛ አይፈቱም።”

“አውቃለሁ።”

እኔ ኮቱን ገልብጬ ሳየው የታችኛው ጠርዝ የውስጥ እጥፋት ሰፊ ነው። ከዚያ ጨርቅ ቆርጬ ቁልፎቹን ላልብሳቸው እንደምችል ነገርኳቸው። ሻለቃው አንዱን ቁልፍ ዳሰሱ። “ዘውዱ ከሥሩ ይኖራል?” ብለው ጠየቁኝ። ይኖራል አልኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጨርቁን ከቁልፉ እጥፍ በሚበልጥ ክብ ቆረጥኩ። ዙሪያውን በመርፌ ሰፍቼ፣ ቁልፉን አስገብቼ ክሩን ስስበው ከጀርባው ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ተበላሸብኝ፤ የአንበሳው ጀርባ በጨርቁ ላይ ወጥቶ ይታያል። ፈታሁትና ከሥሩ ስስ የፋኖላ ጨርቅ አደረግኩለት። ፊቱ ለሰለሰ፣ ቁልፉ ግን ወፍሮ በቀዳዳው አላልፍ አለ። ስለዚህ የሁሉንም ቀዳዳ ጫፍ ፈትቼ፣ ትንሽ ቀድጄ፣ በሐር ክር መልሼ ዘመዘምኩት።

ኮቱን የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ልብስ ሰፊ ለደንበኛ ልብስ ሲያደርስ የሚገርመው የለም። ጋሽ ወርቁ ከአንድ ቀሚስና ከሁለት ሱሪ ጋር ጠቀለሉት። “የማን ነው ካሉህ የደንበኛ በል። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨምር” አሉኝ።

ከናዝሬት ወደ አሰላ በሚያወጣው ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። በእኔ ዕድሜ ያለ አብዮት ጠባቂ ጥቅልሉን አስፈታኝ። ቀሚሱን ትቶ ኮቱን አነሳ፣ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠና ለበሰው።

“እስቲ እየኝ፣ ሙሽራ አልመሰልኩም?”

“ሙሽራዪቱስ የታለች?” አለው ጓደኛው።

ተሳፋሪው ሳቀ። ጠባቂው ደረቱን ነፋ፣ ኮቱን ግራና ቀኝ ያዘ። “ከበድ ይላል። ጥሩ ጨርቅ ነው” አለ። ጣቱ የላይኛው ቁልፍ ላይ አረፈ። አንዴ ጠበቅ አድርጎ ቢይዘው ከጨርቁ ሥር ብረት እንዳለ ያውቃል። የጋሽ ወርቁን ትእዛዝ ጣስኩ።

“የሟች ኮት ነው” አልኩ።

እጁን እሳት እንደነካው ሰው አነሳ። “ቀድመህ አትናገርም? ምን ዓይነት ሰው ነህ!” እያለ አወለቀው። ጓደኛው ከት ብሎ ሳቀበት። ጠባቂው አልሳቀም። ኮቱን ራሱ አጣጠፈው፣ “ነፍስ ይማር” ብሎ መለሰልኝ። ጥቅልሉን መልሼ አሰርኩና እስከ ሁሩታ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ።

እትዬ ብርቄ ኮቱን ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ዘረጉት። ቀድመውኝ የደረሱት ሻለቃ ክር ቢበጠስ እንድጠግን እዚያው እንድቆይ አዘዙኝ። የመጡት የኮርስ ጓደኞች ሦስት ናቸው፦ ራሳቸው ሻለቃው፣ ከሻሸመኔ የመጡት ባለ ጭነት መኪናው ሻምበል ጉታ፣ ቆቃ ኃይል ማመንጫ የሚሠሩ አንድ ዝምተኛ ሰው። በማዕረግ ተራ ሳይሆን በቁልፍ ተራ ቆሙ። ሻለቃው ከላይ ጀምረው ስም ይጠራሉ። የሌለ ሰው ስም ሲጠራ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ቁልፉ ይታለፋል።

ዝምተኛው ሰውዬ ቆለፉ። ሻምበል ጉታ የእሳቸውን እንደቆለፉ መጋረጃው ተገለጠ። ምሳውን እንዲቆጣጠር የተላከው የቀበሌ ተወካይ ነው።

“ምንድን ነው እዚህ የተሰበሰባችሁት?”

“የባለቤቴን ኮት እያየን ነው፣ ጓድ” አሉ እትዬ ብርቄ።

ተወካዩ ወደ አልጋው ቀረበና አንዱን ቁልፍ በጣቱ ገፋ። “ይኼ የሴት ቀሚስ ቁልፍ አይደለም እንዴ?” ሳቀ። “መኮንን ነበር አላላችሁም? የሴት ቁልፍ አድርገው ነበር የሚዋጉት? ለዚህ ነዋ መንግሥታቸው የወደቀው!”

የሻለቃው አንገት ሥር ሲገተር አየሁ። እኚህ ሰው ሱሪያቸው ሁለት መስመር ያዘ ብለው የሚቆጡ ሰው ናቸው። የሞተ ጓደኛቸው በፊታቸው ተሰደበ። አንዲት ቃል ከመለሱ ቁልፉ ይፈተሻል፣ እትዬ ብርቄም ይታሰራሉ። ሻምበል ጉታ በጫማቸው የሻለቃውን ጫማ ረገጡ።

ሻለቃው ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ! ይኼን ሥራ ብለህ ነው ያመጣኸው? መርፌ አያያዝ ሳትማር የሰው ኮት ታበላሻለህ?”

በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ የተጠነቀቅኩበት ሥራ ነበር።

“አጥፍቻለሁ። ይቅርታ” አልኩ።

“በሉ ተዉት፣ ገና እየተማረ ነው” አለ ተወካዩ፣ ደስ ብሎት። “ቶሎ ጨርሱና ውጡ።” መጋረጃውን ለቆ ሄደ።

የእግሩ ድምፅ እስኪርቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። የቀረው የሻለቃው ቁልፍ ነበር። በአውራ ጣታቸው ጨርቁን ቀስ ብለው እያሹ ዘውዱን ፈለጉ። “አለ” አሉና ቆለፉት። እትዬ ብርቄ ክፍት የቀሩትን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት ያኔ ነው።

ሻለቃው ስለ ስድቡ ያን ቀንም ሆነ በኋላ ምንም አላሉኝም። እኔም አልጠበቅኩም።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። ሥራችሁ ሰው ፊት ሲነቀፍ መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ልብሱ የተሰፋበትን ጉዳይ መፈጸሙን እዩ። ፈጽሞ ከሆነ መርፌና ክራችሁን ሰብስባችሁ ወደ ሱቃችሁ ተመለሱ።