ኪዳኑ በበርጩማው ላይ ፈረደ

የበደለኝ ኪዳኑ ነው። የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ኪዳኑ። ሰቆጣ ውስጥ ስሙን ብታነሱ «የእህቱን ልጅ የገደለው ብስክሌት ሠሪ» ይሏችኋል፤ ይህን ስም ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አንባቢ ይቻለኝ፤ ነገሬ ግን አይንጋደድም።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር። በዋግ በቅሎ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ በአባቴ ስፌት ላይ ነው የተቀመጠው ብል አላጋነንኩም። ቤታችን የተነከረ ቆዳ ይሸታል፤ ሽታው ልብሳችንና ጸጉራችን ውስጥ ስለሚገባ የሰፈር ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙብን ነበር፤ እኔም አፍንጫ የያዘብኝን ሁሉ በምላሴ እየገረፍኩ አስለቅስ ነበር። ያኔ፣ ራት ተበልቶ ምድጃው ውስጥ የወይራ ፍም ብቻ ሲቀር፣ አባቴ ከበርጩማው ወርዶ ከእኛ ጋር ቁርበት ላይ ይቀመጥና ኩራዙን ወደ ጉልበቱ አስጠግቶ ጠፍር እያለሰለሰ ተረት ይነግረናል። የኩራዙን ጥላሸት በማግስቱ ከአፍንጫችን በጣት እናወጣው ነበር።

ተረቱን የሚነግረን በኽምጥኛ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋችን ነው። የእሱ ተረት እንደ ሌላው ሰው ተረት መጨረሻ የለውም፤ ጫፍ ላይ ያደርሰንና ያቆማል። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ከስፌት የተረፈች ቁራጭ ቆዳ ይሰጠንና በአማርኛ «በሉ ፍረዱ» ይለናል። ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነበርና ልጆቼ ከዳኛ ፊት ቆመው እንዳይደነግጡ ብሎ ነው። እኛም ቁራጫችንን ጥፋተኛ ባልነው ላይ እናስቀምጣለን።

አንዱ ተረት እንዲህ ነው። የአንድ ባላባት በቅሎ የልጓሟ ብረት ተሰነጠቀ። ባላባቱ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደ። ቀጥቃጩ አገላብጦ አየና «ጌታዬ፣ ለዚህ የሚሆን ብረት የለኝም፤ እስከ ገበያ ቀን ይታገሡኝ» አለው። ባላባቱ ደግሞ መልእክተኛውን ያን ዕለት መስደድ ፈልጓል። በርጩማ አስመጥቶ ከፊቱ ተቀመጠና «አባትህ ቢሆን እኔ ከዚህ በርጩማ ሳልነሳ ጨርሶ ያስረክበኝ ነበር» አለው። ቀጥቃጩ አፈረ። ስንጥቁን በሰም ሞላው፣ በጥላሸት አጠቆረው፣ አስረከበው። መልእክተኛው በበቅሎይቱ ሜዳውን አለፈ፣ ዳገቱን ወጣ፤ ልጓሙ ምንም አልሆነም። ቁልቁለቱ ላይ ፀሐይዋ በረታች፤ ሰውየው ልጓሙን ሳብ ሲያደርገው ለሁለት ተከፈለና ሁለቱም ገደል ገቡ።

አባቴ ተረቱን እዚህ ላይ አቆመ። ከምድጃው አጠገብ ሦስት ነገር ደረደረ፤ ወስፌውን ለቀጥቃጩ፣ ጠፍሩን ለበቅሎይቱ፣ ዱላውን ለመልእክተኛው። ትልቋ እኔ ስለነበርኩ መጀመሪያ ፈረድኩ። ቁራጬን ወስፌው ላይ ጣል አድርጌ «ሰሙን ብረት ያስመሰለው እሱ ነው» አልኩ። ለተረቱ የመጡት የጎረቤት ልጆችም የኔን አይተው ወስፌው ላይ ጣሉ። ኪዳኑ ያኔ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወስፌውን አየ፣ ጠፍሩን አየ፣ ዱላውን አየ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሄደና ቁራጩን አባቴ የወረደበት ባዶ በርጩማ ላይ አስቀመጠው።

«ያስቸኮለውስ?» አለ በኽምጥኛ። አማርኛው ገና አልገራለትም ነበር።

ሳቅንበት። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ «ዳኛው በርጩማ አሠረ» እያልኩ ሳምንት ሙሉ አበሸቅኩት። አባቴ ግን አልሳቀም። ቁራጩን ከበርጩማው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተና ኩራዙን አጠፋ።

ዘመን አለፈ። አባቴ ሞተ፤ በቅሎ የሚጭን ሰውም እያነሰ ሄደ፤ ኪዳኑ ወስፌውን ጥሎ መፍቻ ያዘ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ መናኸሪያው ጥግ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ብስክሌት ይጠግን ነበር። እጁ የአባቴን እጅ አያህልም። እሱም ያውቀዋል፣ ሰውም ያውቀዋል፣ እኔም ደብቄው አላውቅም።

ሲሳይ አንድ ልጄ ነው። መቀሌ የቀን ሥራ ሲሠራ ከርሞ ኮርሳ የሚሏትን አንዲት አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት ይዞ መጣ። ጎማዋ ጣት የምታህል፣ መሪዋ እንደ ሙክት ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ፣ እኔ እንኳ ሳያት ቆንጆ ነች ያልኳት። እዚያ ያለ አንድ የብስክሌት ክለብ ሰኞ መጥተህ ተፈተን ብሎታል። ካለፈ ሥራ አገኘ፤ ከወደቀ እንደ ጓደኞቹ ባሕር ተሻግሮ ሊሄድ ነው፤ ይህን በገዛ አፉ ነግሮኛል። ስለዚህ ያቺ ብስክሌት ልጄን አገሩ ላይ የምታስቀርልኝ አንዲት ገመድ ነበረች።

ይህችው ብስክሌት ስትመጣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እህል ተጭኖባት መሪዋ ተጣሞ፣ መሪውን ከብስክሌቷ ጋር የሚያያይዘው አንገቷም ተሰንጥቆ ነበር። ሲሳይ አዲስ መሪና አዲስ አንገት ከመቀሌ አስላከ፤ ሐሙስ ዕለት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ደረሰ። ኪዳኑ ሥራ ጀመረ፣ እኔም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየው ነበር። በመሪው ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ የቁስል ጨርቅ እንደሚፈታ ሰው ቀስ ብሎ ፈታ። የፍሬኑን ገመዶች አላቀቀ። የድሮው አንገት ዝጎ አልወጣ ስላለው በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጦ አወጣው፤ ጉድጓዱን ጠርጎ ግራሶ ቀባ፤ አዲሱን አንገት ከተተ፤ ያም በሚገባ ገባ። ከዚያ መሪውን በአንገቱ አፍ ውስጥ አሳለፈና ብሎኑን አጠበቀ። መሪው ግን ዞረ። ደግሞ አጠበቀው፣ ደግሞ ዞረ።

«እትዬ፣ የአንገቱ አፍ ለዚህ መሪ ሰፍቷል» አለኝ። «የጥፍር ውፍረት ታህል ነች፤ ግን አይይዘውም። እንዲሁ ጭኖ ይውሰዳትና እዚያው መቀሌ ልኩን ያስገጥምላት።»

እውነተኛ ምክር ነበር። እኔ ግን የኮርቻ ሰፊው ቤት ልጅ የተፈታታ ብስክሌት ተሸክሞ የመቀሌ ሰው ይግጠምልኝ ብሎ ሲለምን ታየኝ። ሰው ቆሞ እየሰማ ነበር። ሲሳይም ነገ እዚሁ ዋግ ያለውን የዝቋላን መንገድ ልለማመድበት ነበር እያለ ያጉረመርማል።

«አባታችን ቢሆን» አልኩት «እኔ ከዚህ ድንጋይ ሳልነሳ ጨርሶ ያስረክበኝ ነበር።»

ጆሮው ቀላ። የእርዳታ ዘይት ይመጣበት ከነበረው ጣሳ ላይ በመቀስ ቀጭን ቁራጭ ሲቀድ አይቼዋለሁ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልጠየቅኩም። መሪው ላይ ጠምጥሞ አንገቱ ውስጥ ከተተው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ በደረቱ ተጭኖ ሞከረው፤ ያዘ። ፋሻውን መልሶ ሲጠመጥምበት እንደ አዲስ ሆነ። ሲሳይ መናኸሪያውን ሁለቴ ዞረባት፣ ዳገቱንም ወጣባት፤ የቆመው ሰው አጨበጨበ። እኔም «አያችሁ የማን ልጆች እንደሆንን» አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ዝቋላ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ መሪው ላይ አረፈ፤ ያን ጊዜ መሪው ዞሮ ወደ ፊት ጣለው። ጤና ጣቢያ ሲያደርሱት ነፍሱ አልነበረችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ኪዳኑን ለእርቅ አመጡት። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በደጄ ገባ። የጣሳውን ነገር አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። የንስሐ አባታችን «አፉ መስፋቱን እያወቅህ ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብለው ጠየቁት።

ኪዳኑ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አስቸኮለችኝ ሊል ነው ብዬ ምላሴን ስዬ ጠበቅኩት፤ ቢላት ኖሮ ከነአጥንቱ እዘለዝለው ነበር።

«ቸኩዬ ነው፣ አባ» አለ።

ብቻ ይህችን። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ወንድም የለኝም» አልኩ። «ድንጋይህን ይዘህ ውጣልኝ።» ወጣ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ብስክሌት አየሁ። ፋሻው ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። ጠጋ ብዬ ጣቴን አንገቱ ውስጥ ባስገባ ያቺ የጣሳ ቁራጭ ተከትላኝ ወጣች፤ አንድ ወገኗ ላይ የዘይቱ ሥዕል ቀለም ገና አልለቀቀም። መዳፌ ላይ ሳደርጋት ልክ እንደዚያች ቁራጭ ቆዳ ቀለለችኝ፤ የአባቴ ቤት፣ የኩራዙ ጥላሸት፣ ወስፌው፣ ባዶው በርጩማ፣ ሁሉም መጣ። ያንን ቃል ሐሙስ ዕለት ከአፌ ሳወጣው የኔ መስሎኝ ነበር። የባላባቱ ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ገና ያኔ ፈርዶብኝ ነበር፤ አሁን ግን ሰው ሰብስበው ሲጠይቁት ፍርዱን አንሥቶ ኪሱ ከተተልኝ፣ እንደ አባቱ።

ከልጅነቴ የቀረኝ ይህ ነው። ሌላውን ተረት ሁሉ ረስቼዋለሁ። ኪዳኑ በዚያው ሰሞን መፍቻዎቹን ለጎረቤት ሰጥቶ ሑመራ ለአጨዳ ወረደ፤ ይኑር ይሙት የነገረኝ የለም፣ ጠይቄም አላውቅም። ቁራጯ ቆርቆሮ እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለች። በማን ላይ እንደማስቀምጣት አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን እጄ አልታዘዘልኝም።

ቁራጯን ያገኘኋት ዕለት ማታ ግን ነገ ጠዋት ተነሥቼ ደጁ ድረስ እሄዳለሁ፣ ድንጋዩን እኔ እሸከመዋለሁ ብዬ ነበር የተኛሁት። ሲነጋ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ በሩን ስከፍት የሰፈር ሴቶች ለለቅሶ ደርሰው ደጄ ላይ አገኘኋቸው። ከበቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ አለቀሱልኝ። ከመካከላቸው ትልቋ ሴትዮ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ኪዳኑን የእጁን ይስጠው» አለች። ሁሉም ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ።

አሜን አልኩ።