የከዋክብት ለኳሾችን የሣልኩ ጊዜ

አዳማ፣ በጋሽ ተሰማ የታፔላ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀለም አልነካሁም። ቀኑን ሙሉ ብሩሽ በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ሳጥብ ዋልኩ፤ ቤት ስገባ እናቴ እጄን አሽትታ ፊቷን አዞረች።

ጋሽ ተሰማ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ደርግ ከመጣ ወዲህ ግን የሚበዛው ሥራችን መፈክርና የሱቅ ታፔላ ሆነ። ፊት መሣል ሲያስተምሩኝ «ደጉን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሌላ የለም» ይሉኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ የወሎ ሰው የሆኑት አቶ ጀማል ለካራምቡላ ቤታቸው ከአንድ የአሰብ መስመር ሾፌር የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን ገዙ። የሳጥኑ ሥዕል በመንገድ ተላልጦ አልቋል። አብሮት የመጣውን ወረቀት የእንግሊዝኛ አስተማሪ አነበበልን። ከሰው በፊት የነበሩ፣ ከዋክብትን የለኮሱ ጥንታውያን አማልክት አሉ፤ ተጫዋቹ በመንኮራኩር የሚበረው እነሱን ፍለጋ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ነጠብጣብ ብቻ ነው።

«አማልክቱን አንቺው ሣዪልኝ» አሉኝ አቶ ጀማል። ብቻዬን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ነበር፤ በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

ኮከብ መለኮስ ደግነት ነው ብዬ ሁሉንም ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን፣ በወርቅማ ቀለም ሣልኳቸው። ማሽኑ በር ላይ ቆመ።

በማግስቱ ከኪዳን የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይሳለሙት ጀመር። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ደግሞ ግንባራቸውን አስነክተው ሳጥኑን ሳሙት። ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር ከተፍ አለ።

«የጨዋታ ቤቱን ደብር አደረጉት? እስከ ነገ ካልተስተካከለ አሽገዋለሁ!»

አቶ ጀማል ወደኔ ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ቤቴን ልታስዘጊው ነው?»

«በጎን ልሣላቸው? ግን በጎን የሚሣለው ሰይጣን ነው።»

«ወላሂ፣ ሰይጣን ደጄ ላይ አላቆምም!»

ጨነቀኝ። ቤቱ ከታሸገ ማንም ዳግመኛ ሥራ አያምነኝም። ብሩሼን ሰማያዊ ቀለም ነክሬ ለእያንዳንዳቸው ግንባር ላይ ሦስተኛ ዓይን ጨመርኩላቸው።

ጠዋት አዴ ጫልቱ ሊሳለሙ ጎንበስ ብለው ቀጥ አሉ። «ዋቃዮ! ሦስት ዓይን! ይሄማ የኛ አይደለም!» ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ሊያሽግ የመጣው ሊቀመንበር «እስቲ አንዴ ልሞክረው» አለና እስከ ምሳ ሰዓት ከማሽኑ የሚያላቅቀው አልተገኘም።

ጋሽ ተሰማ መጥተው ሥዕሉን አተኩረው አዩት።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከጭንቀት» አልኩ።

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፊት የሚሣልበትን ሥራ ሁሉ ለእኔ ለቀቁልኝ።

እናንተ ዛሬ የጨዋታ ሥዕል በኮምፒውተር የምትሠሩ፣ የምትሥሉት ማንን እንደሆነ ጠይቁ። ሥዕላችሁ በሚቆምበት በር የሚያልፈው ማን እንደሆነ፣ ምን ብሎ እንደሚያየውም ጠይቁ።