የአሰብ ውሃ በቦንጋ

ዝናብ በሚጥልበት ቀን በገበያ መሃል ሳልፍ፣ ጨው ሻጭ ማዳበሪያውን ሳይሸፍን ቀርቶ የራሰው ጨው ሽታ አፍንጫዬን ከመታው፣ የወጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ለአፍታ እቆማለሁ። ያደግሁት ቦንጋ ነው፤ በቦንጋ ደግሞ የሰው ቤት የሚሸተው ወይ የደረቀ ቡና፣ ወይ ማር፣ ወይ ዝናብ ያረሰው የጫካ አፈር ነው። የእኛ ቤት ግን ልጅ ሳለሁ ለተወሰኑ ዓመታት ባሕር ባሕር ይሸት ነበር። ባሕሩ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር፣ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ ነበር።

አባቴ ደምሴ ወጣትነቱን የጨረሰው አሰብ ላይ፣ በጦር መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ በመካኒክነት ነው። እናቴ አልማዝ የቦንጋ ልጅ ናት፤ በነርስነት ተመድባ አሰብ ሄዳ እዚያው ተዋውቀው ተጋቡ፣ እኔንም እዚያው ወለደችኝ። መንግሥት ሲለወጥ መርከቡም መርከበኛውም ሲበተን፣ እሷ እኔን አዝላ፣ እሱ አንድ ሻንጣ ተሸክሞ ወደ እሷ አገር መጡ። እናቴ ጤና ጣቢያ ሥራ አገኘች። አባባም የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ሞተር እየጠገነ፣ ሲጠሩት እስከ ደካና እስከ ቢታ ገነት እየሄደ ይሠራ ጀመር። የከተማው ሰው «መርከበኛው» ይለው ነበር፤ መርከብ በሌለበት አገር ይሄ ስም እንደ ቀልድም እንደ ማዘንም ነበር። እሱ ግን አይከፋውም ነበር። ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ከእናቴ ጋር ስለ አሰብ ያወሩ ነበር፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ነፋሱ፣ ማዕበል የሌለ ዕለት ከባሕሩ ዳር ቆመው ሲያዩት ከሥር ስለሚታየው ባለቀለም ድንጋይና ዓሣ። እኔ አንዱንም አላስታውሰውም፤ ቢሆንም ጭናቸው ላይ ተኝቼ እየሰማሁ ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ኅዳር ሲገባ ከተማችን በመኪና ትሞላ ነበር። ከሚመጡት ሾፌሮች መካከል ጋሽ ተፈራ የሚባል፣ የአባባ የአሰብ ወዳጅ ነበረ፤ ቡናውን ከእኛ ጭኖ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ አሰብ ወደብ ድረስ ያደርስ ነበር። በአንዱ ዓመት ጋሽ ተፈራ ከመኪናው ላይ አንድ ጀሪካን አውርዶ በራችን ላይ አስቀመጠና፣ «ደምሴ፣ ባሕሩ ናፈቀኝ ስትል አይደል የከረምከው? ይኸውልህ» አለ። አባባ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ደግሞ ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ ብላ እያሸተተች ትስቅም ታለቅስም ነበር።

በዚያው በጋ አባባ የመስኮት መስታወት አስቆርጦ፣ በሲሊኮን አያይዞ፣ ትልቅ ሣጥን ሠራ። ጋሽ ተፈራም በየምልልሱ ውሃ ያመጣ ጀመር። በኋላም በግማሽ በርሜል የባሕር ውሃ ውስጥ አንድ ትልቅ ድንጋይ አመጣ፤ ድንጋዩ ላይ ቀንድ አውጣዎችና፣ የተነኩ እንደሆነ የሚሰበሰቡ፣ ሲተዉአቸው እንደ አበባ የሚፈኩ ቡናማ ነገሮች ነበሩበት። ጥቁርና ነጭ መስመር ያላቸው ትንንሽ ዓሣዎችም አብረው ነበሩ፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ሞተው ሁለቱ በሕይወት ደረሱ። የባሕር ዓሣ በካፋ ጫካ መሃል ሲዋኝ ለማየት የሰፈሩ ሰው ተሰልፎ ገባ።

እነሱን በሕይወት ማቆየት የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ሆነ። መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለነበረ፣ አባባ የአሮጌ መኪና ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ በአየር ሞልቶ፣ እናቴ ከጤና ጣቢያ ባመጣችው ቀጭን የግሉኮስ መስጫ ላስቲክ አየሩ ቀስ እያለ ወደ ውሃው እንዲገባ አደረገ። ጠዋት ጠዋት በብስክሌት መንፊያ የጎማውን ላስቲክ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ እንደማይሄድ አባባ አስተምሮኝ ስለነበር፣ የጎደለውን ከቆርቆሮው በወረደ የዝናብ ውሃ እንሞላዋለን። ቅዝቃዜ ሲበረታ እናቴ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ ሣጥኑ ውስጥ ታንሳፍፍ ነበር። «ሁለት ልጅ ጨመርክብኝ» እያለች ታጉረመርማለች፤ ከሥራ ስትመለስ ግን ነጠላዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምታየው እነሱን ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ችግር ነበር። የእናቴ አክስት እትዬ ወለቴ ከማንኪራ ማር ይዘው ሲመጡ፣ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ ባዩ ቁጥር አንጀታቸው አይችልም ነበር። ከቆጮውም ከዳቦውም እየቆረሱ ይጥሉላቸዋል። አባባ «እትዬ፣ በልተዋል፣ ይበቃቸዋል» ሲላቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ከባሕር ድረስ መጥተው በእኛ ቤት ይራቡ?» ይሉት ነበር። እሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ጎረቤቱም፣ እኔም፣ እናቴም የእንቁላል አስኳልና የደቀቀ ሥጋ እንጥልላቸው ነበር። ወዳጅነታችንን የምናሳይበት መንገድ ማብላት ብቻ ነበር። አባባም ቢሆን ከአንድ ጊዜ በላይ አይከለክልም፤ ሰው ባሕሩን ሲወድለት ደስ ይለው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ጦርነት ተነሣና ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ጋሽ ተፈራ በቡናው ወራት ባዶ እጁን መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሣጥኑ ፊት ቆመና፣ «እንግዲህ በጅቡቲ ሆኗል መንገዱ፤ አሰብን አላያትም። ያለውን ውሃ ያዝ፣ ወንድሜ» አለ። አባባ «እይዘዋለሁ» አለ። እናቴ ቡና ልታፈላ ብላ ተነሣችና ወጥ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች።

መጀመሪያ የመጣው ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ነበር፤ መስታወቱን በጨርቅ ስንጠርገው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሣጥኑን በቀጥታ በምትመታበት በዚያ ደረቅ ወቅት ደግሞ ቀዩ መጣ። ከአሸዋው ተነሥቶ ድንጋዩ ላይ እንደ ጥቁር ቀይ ጨርቅ ተዘረጋ፤ ዝልግልግ ነው፣ በላዩ የአየር ኳሶች ተጣብቀውበታል፣ የሚፈኩትንም ነገሮች እየሸፈነ እንዳይከፈቱ አደረጋቸው። እናቴ «ቀዩ ሻጋታ» ብላ ስም አወጣችለት። አባባ ከሥራ መልስ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ በጥርስ ብሩሽ እየፈገፈገ፣ በግሉኮስ ላስቲክ እየሳበ ያወጣው ነበር። ቀዩን ሲስብ ግን ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ ውሃው ደግሞ ምትክ የለውም። ስለዚህ የወጣውን በነጠላ አጣርቶ መልሶ ይጨምረዋል፤ በማግሥቱ ቀዩ እንደገና ተዘርግቶ ይገኛል።

በሚያዝያው ዝናብ አባባ ከስቶ ነበር። ሰው ሞተር ሊያስጠግን ሲጠራው «ነገ» ማለት ጀመረ። የአሰብ ወሬም ቀነሰ፤ ማታ ማታ የሚያወሩት ስለ ቀዩ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እናቴ ከቀዩ ጥቂት በብልቃጥ ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። እኔም ከትምህርት ቤት ወደ እሷ ሄጄ ስለነበር፣ የላቦራቶሪው አቶ ግርማ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አጠገባቸው ነበርኩ። እኔንም ወንበር ላይ አውጥተው አሳዩኝ፤ እንደ ክር የረዘሙ፣ ቀስ እያሉ የሚንሸራተቱ ነገሮች ነበሩ።

«ሲስተር፣ ይሄ ሻጋታ አይደለም፤ የባክቴሪያ ዓይነት ነው» አሉ አቶ ግርማ።

«ባክቴሪያ ከሆነማ መድኃኒት አለው» አለች እናቴ፤ ፊቷ በራ።

«እሱስ ይገድለው ይሆናል። ውሃው ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። የሚጠቅምም ይኖራል።»

ያን ምሽት ከጤና ጣቢያ ያመጣቻቸውን የፀረ ባክቴሪያ ካፕሱሎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አባባን ጠበቀችው። እሱ አያቸውና አልተቀመጠም።

«ለሰው የተሠራ መድኃኒት ነው፣ አልማዝ። ትንሽ ብንታገሠውስ?»

«እስከ መቼ? ድንጋዩ ላይ ያለው ሁሉ ሊያልቅ ነው፤ አንተም ልታልቅ ነው። እኔ ሰው የማድነው በዚህ ነው። እመነኝ።»

አባባ ሣጥኑን አየ፣ እሷን አየ። «አምንሻለሁ» አለ። «አንቺ ጨምሪው፤ እጅሽ ቀላል ነው።»

እናቴ ካፕሱሎቹን ከፍታ ዱቄቱን በብርጭቆ ውሃ በጥብጣ፣ ለታማሚ እንደምትሰጠው ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።

በማግሥቱ ቀዩ ገረጣ። ከዚያም እየተቀደደ ተነሣ፤ አባባም እየለቀመ አወጣው። ውሃው ከመጣ ጀምሮ አይተነው እንደማናውቀው ጠራ፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። አባባ እናቴን ትከሻዋን አቅፎ፣ «ልክ እንደዚያ ነበር፤ ነፋስ የሌለ ቀን ታስታውሺ የለ?» አላት። እሷም «እንደዚያ ነው፣ ልክ እንደዚያ» አለችው። ጎረቤት ተጠርቶ ዳቦ ተቆረሰ። ወላጆቼን አንድ ላይ እንዲያ ደስ ብሏቸው ያየሁበት የመጨረሻው ጊዜ ያ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ውሃው ወተት ጠብ ያለበት መሰለ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ መጣ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው ላይ አድርገው ይተነፍሱ ጀመር። እናቴ ከሥራ ቀርታ፣ አባባም እኔም እየተፈራረቅን ላስቲኩን እንሞላለን፤ እጃችን እስኪላጥ ነፋን። አባባ በንጹሕ የባሕር ውሃ ግማሹን ቢለውጥ እንደሚተርፉ ያውቅ ነበር፤ ያ ውሃ ግን ያለው በተዘጋው መንገድ ማዶ ነው። የገበያ ጨው በዝናብ ውሃ በጥብጦ ሞከረ። አንደኛው ዓሣ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ሞተ። የሚፈኩት ነገሮችም እንደተሰበሰቡ ቀሩ።

እናቴ መድኃኒቱን የበጠበጠችበትን ብርጭቆ በእጇ እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣ፣ «ደምሴ፣ እባክህ ተናገረኝ፤ ስደበኝ» አለችው። አባባ ግን ቀና ብሎም ሳያያት፣ «ምን ብዬ? ደህና አድርገሽ ነው የጨመርሽው» አለና ውሃውን በባልዲ እየቀዳ ወደ ውጭ መውሰድ ጀመረ። ከጓሮው ዳገት ሥር ካለው ፈፋ ውስጥ አፈሰሰው፤ እዚያ ያለው ሣር ለብዙ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

አባባ አንድ ቀን እንኳን አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይሻላት እንደነበር ያወቅሁት እኔም ካገባሁ በኋላ ነው። ወደ ሞተሮቹ ተመለሰ፤ በየወረዳው እየዞረ ብዙ ሰንብቶ መምጣት ጀመረ። ቤት ሲሆንም እራት በልቶ ሬዲዮ ይከፍታል። አሰብ የሚለው ስም ከቤታችን ጠፋ። እናቴ ጥቂት ጊዜ ልታነሣው ሞክራ፣ «ያኔ እዚያ ሳለን…» ብላ ስትጀምር እሱ ተነሥቶ በሩን ሊዘጋ ይሄዳል፤ እሷም ትታው ወደ ሌላ ነገር ትሻገራለች። ክፉ አልነበረም፤ እሷንም ይወዳት ነበር፤ ስትታመም አልጋዋ ሥር ነበር የሚተኛው። ግን ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አገር ነበራቸው፣ ስለዚያ አገር መነጋገር ግን ተዉ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ልይዝ ስቃረብ አባባ በድንገተኛ ሕመም ሞተ።

እኔ ዛሬ ጅማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያ ቀይ ነገር ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የባሕር ውሃ በመስታወት ሣጥን የሚያኖር ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የሚያገኘው ነው፤ ምግቡን ቀንሰው፣ መስኮቱን ጋርደው ለጥቂት ቀናት ጨለማ ውስጥ ቢተዉት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይከስማል። መድኃኒቱ ከቀዩ ጋር ውሃውን የሚያጸዱትን ተሕዋስያንም ሳይገድልብን አልቀረም። ዛሬ ተማሪዎቼ ይህን ከስልካቸው ለማግኘት አፍታም አይፈጅባቸውም። በዚያን ጊዜ ግን ቦንጋ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ክረምት እናቴን ለማየት ሄጄ ነበር። አስፋልቱ ደጃፋችን ደርሷል፣ መብራቱም አሁን ቀንም አለ። ጡረታ ወጥታ ብቻዋን ትኖራለች። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ዝናቡን እያየን ሳለ፣ ምንም ወሬ ሳይቀድመው፣ «አንቺ ተምረሻል፤ እስቲ ንገሪኝ» አለችኝ። «ያን መድኃኒት ባልጨምርበት ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ስለነበር ያልሰማሁ መምሰል እችል ነበር። ፊቷን አየሁት፤ መልስ የምትጠብቀው ከአባባም ጭምር ነበር።

«አይተርፉም ነበር፣ እማዬ» አልኳት። «መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ውሃው አርጅቶ ነበር። ምንም ቢደረግ አይተርፉም ነበር።»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ከዚያ፣ አባባ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስለ አሰብ ነፋስ ታወራኝ ጀመር፤ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደሚነሣ፣ ቀሚሷን ይዛ እንዴት እንደምትሮጥ፣ አባባ ከመርከቡ ላይ ሆኖ እንዴት ይስቅባት እንደነበር። ልጅ ሳለሁ ይህን የምሰማው ከሁለቱም አፍ ነበር፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየቀማ ይጨርሰው ነበር። አሁን እናቴ አንዳንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች፣ ቀጣዩን የሚያውቅ ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች፤ እኔ ደግሞ አላውቀውም።