የመስፍኑ መጨረሻ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ግቢ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ግራዝማች በሽቦ አልጋቸው ጠርዝ ላይ፤ ባለቤታቸው በሩ አጠገብ ምስር እየለቀሙ፤ በተወረሰባቸው የጓሮ ቤት የሚኖረው ጋሪ ነጂ ደፍቶ ባስቀመጠው ባልዲ ላይ፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ። ማዕረጉ ከተሻረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በግቢው ውስጥ ግን ሌላ መጠሪያ አልነበራቸውም።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛን ብቻዬን ከመዝገበ ቃላት ነው የለቃቀምኩት። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኘሁትን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተረጎምኩ አነብላቸው ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ የፈረንጅ መስፍን ነው። ርስቱ ከአንድ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ነው፤ ወንዙ ደግሞ የሁለት ባላንጣ ነገሥታት ድንበር። ለአንደኛው ንጉሥ ከአባቱ ጀምሮ ምሏል። ሁለተኛው ጦሩን ይዞ መጥቶ ለእኔ ማልልኝ ይለዋል።

«ያ ረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ፈረስ ከፊትም ከኋላም የተጠመደበት ጋሪ ነው» አለ ጋሪ ነጂው። «ጋሪው አይሄድም፤ እንጨቱ ነው የሚሰነጠቀው።»

«አንተ ዝም በል፤ ያንተ ፈረስ አንድ ሆኖም አይሄድልህ» አሉት ግራዝማች።

ባለቤታቸው ብቻ አልሳቁም። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ለግራዝማች ወረቀት ደርሷቸዋል። ድሮ ያገለገሏቸው ደጃዝማች ከአዋሽ ማዶ ቆላ ሸፍተው፣ «መሐላህን አስብ፤ ና» ብለው ላኩባቸው። ቀበሌው ደግሞ እሑድ በስብሰባ ፊት ቆመው ግለሂስ እንዲያደርጉ አዟል። ስለ ወረቀቱ ከእኛ ከአራታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤታቸው ያቃጥሉትና ዝም ይበሉ ብለው ለምነዋቸዋል። እሳቸው ግን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር።

«እና ለየትኛው አደረ?» አሉኝ ግራዝማች።

መጽሐፉ ከሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ገጽ በኋላ ተቀዷል። አንዲት የመዘውር ጥርስ የጎደላትን ሰዓት ለባለቤቱ የማልመልስ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ፊታቸውን አይቼ ጎዶሎ ነው ማለት አቃተኝ። ገጽ ገለጥኩ።

«መስፍኑ ሁለተኛው ንጉሥ ፊት ብቻውን ቀረበ» አልኩ። «ለፊተኛው መማሉን አልካደም። የላከበትንም ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠ። ንጉሡ እውነተኛነቱን ወደደለት፤ ርስቱን ትቶለት በሰላም አሰናበተው።»

«ደብዳቤውንም ሰጠ?»

«ሰጠ።»

«እንዲህ ብሎ ጽፎታል?»

«እንዲሁ ነው የተጻፈው፣ ግራዝማች።»

ባለቤታቸው ምስሩን ትተው አዩኝ። ዓይኔ ገጹ ላይ እንዳልነበረ ያወቁ ይመስለኛል። ደብዳቤውን ለምን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ታሪኩ እንዲያምር ይሆናል።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር።

«እስቲ የቀድሞው ግራዝማች ዛሬ ምን ያጫውቱናል?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ከፊት ያሉት ሳቁ።

ግራዝማች ለንጉሠ ነገሥቱም ለደጃዝማቹም መማላቸውን እንደማይክዱ፣ ከእንግዲህ ግን ለዛሬው መንግሥት እንደሚያድሩ ተናገሩ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወረቀቱን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የተላከብኝም ይኸው።»

ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። መሳቁን ትቷል።

«መቼ ደረሰዎት?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እሑድ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

እኔ በፈጠርኩት ታሪክ ውስጥ ንጉሡ እንዲህ አይጠይቅም። ግራዝማች አዳራሹን በዓይናቸው ዞሩት። የሚፈልጉት እኔን ነበር። ከምሰሶው ኋላ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ።

እኩለ ቀን ሳይደርስ በግራጫ ላንድሮቨር ወሰዷቸው። ባለቤታቸው አሥራ አንድ ቀን ስንቅ አመላለሱ። በአሥራ ሁለተኛው «ከእንግዲህ አያምጡ» ተባሉ። ያ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

በዓመቱ ሙሉውን መጽሐፍ አዲስ አበባ አገኘሁት። ሁለቱ ነገሥታት ይታረቃሉ። ርስቱን እኩል ይካፈሉታል፤ በውላቸው ላይ የመስፍኑ ስም አልተነሣም። እሱ በሰው አገር፣ ፈረሱን ሸጦ፣ በእንግዳ ማረፊያ ይሞታል። ይህን ለባለቤታቸው አልነገርኳቸውም፤ ያን ቅዳሜ ያነበብኩላቸው መጨረሻ የእኔ ፈጠራ እንደነበረም አልነገርኳቸውም። አሁንም ስንገናኝ «መጽሐፉ እንዲያ ማለቱን እርግጠኛ ነህ?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ። ጋሪ ነጂው ወደ አዳሚ ቱሉ ሄዷል፤ ስለዚያ እሑድ ከእሱ በቀር የምጠይቀው የለኝም።

ከምሰሶው ኋላ ያልታየኝ ብዙ ነው። ግራዝማች መኪናው ላይ ሲወጡ ግን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በሩቁ አይቻለሁ። በዚያ እሑድ ከደጁ አጠገብ የነበራችሁ፣ ምን እንዳሉ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ስለ መጽሐፉ ወይም ስለ እኔ ያሉት ነገር ካለም አትደብቁኝ።