ሜሪዮኔዝና ሐረርጌ

ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን የሚባል ሰፈር ውስጥ ተቀጥሬ ወደምኖርበት ቤት የማዳም አባት ከዌልስ የመጡት የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ካልታደሰልኝ ሥራዬንም ጅቡቲንም መሰናበቴ ነው። ማመልከቻዬ ደግሞ በዚያው ጠዋት ተመልሶብኛል፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። የልደት ሰርተፍኬቴ «ሐረርጌ ክፍለ ሀገር» ይላል። እኔ ብልጧ፣ ክፍለ ሀገር የሚባለው ቀርቷል ብዬ ቅጹ ላይ አዲሱን የክልል ስም ሞላሁ። ሁለቱ ወረቀቶች አልተገጣጠሙም።

ሽማግሌው ድሮ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ስለነበሩ ያለ አስተርጓሚ እንግባባለን። ነገሩን ስነግራቸው ያዝኑልኛል ስል ጭራሽ ፊታቸው በራ። ለካ እሳቸውም የተወለዱበት አውራጃ፣ ሜሪዮኔዝ፣ ዛሬ የለም! ስሙ ከአንድ የጥንት ባላባት የተወረሰ ነው ይባላል። የእንግሊዝ ንጉሥ ዌልስን ሲይዝ አውራጃ አደረገው፤ ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1974 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ቀላቅለው ግዊኔዝ አሉት።

«አውራጃውን ሻሩት እንጂ የእኔን መወለድ አልሻሩትም» አሉኝ። «ሰርተፍኬቴ እስከ ዛሬ ሜሪዮኔዝ ይላል። አንቺም እንዳለ ጻፊው።»

ደስታዬ ልክ አጣ። በማግስቱ አብሬሽ ካልሄድኩ ብለው ድርቅ አሉ፤ በዚያ ሙቀት ኮፍያቸውን ደፍተው ወጣን። ታክሲው ውስጥ ሁለታችንም አፋችንን መዝጋት አቃተን፤ እሳቸው ስለ በጎቻቸውና ስለ ዝናባቸው፣ እኔ ስለ ጨርጨር ተራሮች እናወራለን። ሹፌሩ ሬዲዮውን ዘጋው።

ቢሮው ውስጥ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሠራተኛ አዲሱን ቅጽ ከሰርተፍኬቴ ጋር አስተያየና፣ ይህ ሐረርጌ የሚባል ክፍለ ሀገር አሁን አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ አሁን የለም፣ ስወለድ ግን ነበረ አልኩት። ሽማግሌው የራሳቸውን ሰርተፍኬት በስልካቸው አውጥተው ስለ ሜሪዮኔዝ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው ማስተማር ጀመሩ። ሠራተኛው እጁን አንስቶ አስቆማቸው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ሙሴ፣ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባለው ሰፈር ነው» አላቸው ሽማግሌውን። «ሰርተፍኬቴ ላይ ያለው አገር ግን የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ነው። ከቤቴ ሳልወጣ አገሩ ሁሉ ስሙን ቀየረ።»

ይህን ብሎ ማኅተሙን ሐረርጌ ከሚለው አጠገብ መታልኝ።