ስድስት ዳኞች ለጎጆ

ወርቂቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ፍርድ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ጎጆ ከተማ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነች፤ ዳኞች በእጃቸው የሞነጫጨሩትን ውሳኔ ከእሷ በቀር አጥርቶ የሚያነብ የለም። ሳቋ ችሎት ድረስ ስለሚሰማ፣ "እስቲ የወርቂቱን በር ዝጉ" ማለት የተለመደ ነበር። የእጅ ጽሑፏም ስለሚያምር የሰፈሯ እድር ጸሐፊ አድርጓት ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሦስት የጎጆ እድሮች አንድ ለመሆን ተስማሙ፦ የላይ ሰፈሩ፣ የገበያ ሰፈሩና የወንዝ ዳሩ። ድንኳኑን አዋሐዱ፣ ድስቱን አዋሐዱ፣ አግዳሚ ወንበሩን አዋሐዱ፤ ዳኛው ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ተበላሸ። መቼም እድርን የሚመራው ሰው ዳኛ ነው የሚባለው። ስድስት ዳኞች ያስፈልጋሉ ተባለ፤ እያንዳንዱ ሰፈር ስድስቱንም ከራሱ ፈለገ። ሦስት እሁድ ተሰብስበው ሦስቴ ተጣሉ። በሦስተኛው እሁድማ የላይ ሰፈርን እድር ዐሥራ ስምንት ዓመት የመሩት ኦቦ ኦልጅራ ከወንዝ ዳሩ ጉግሳ ጋር ጋቢ ለጋቢ ተያይዘው በስንት ገላጋይ ተለያዩ።

ወርቂቱ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ቀባሪ እስኪያጡ ነው እንዴ የሚጠብቁት?" አለች።

ዱረቲ የወንድሟ ልጅ ናት፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማራለች። በኮሮና ምክንያት ቤት የተላኩት ተማሪዎች ሲመለሱ የእሷ ባች ገና ስላልተጠራ አዳዳ ከምትላት ከአክስቷ ዘንድ ከርማለች። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ነውና ብርዱን ታግሳ ስልኳን ይዛ እዚያ ትውላለች። በታኅሣሥ አንድ ቀን ከሰዓት እየሮጠች ወረደች።

"አዳዳ፣ እነሱም አቃታቸው!"

"እነማን?"

"ኒውዮርክ የተሰበሰቡት! የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ዳኞች ሊመርጡ ገብተው ዙር በዙር እየደጋገሙ ቀናት ፈጁ። የሚፈልጉት ስድስት ዳኛ ነው፣ ልክ እንደናንተ!"

ወርቂቱ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ነይ ቁጭ በይ። ያ ሁሉ አገር እንዴት ነው የሚመርጠው?"

ዱረቲ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳቻት። ፍርድ ቤቱ ዐሥራ ስምንት ዳኞች አሉት፤ በየሦስት ዓመቱ ስድስቱ ይቀየራሉ፤ እያንዳንዱ ዘጠኝ ዓመት ያገለግላል፣ ጨርሶም ዳግም አይወዳደርም። አባል አገሮች ዕጩ ያቀርባሉ፤ ድምፁ በምስጢር ነው። ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ ያላገኘ አያልፍም፤ ስድስቱ እስኪሞሉ ዙሩ ይደገማል። ከአንድ አገር ሁለት ዳኛ አይቀመጥም።

"ዋናው ደግሞ ይሄ ነው" አለች ዱረቲ። "መራጩ እንዳሻው ስድስት የራሱን ሰው መጻፍ አይችልም። ከየአህጉሩ ቢያንስ ይህን ያህል፣ ከሴት ቢያንስ ይህን ያህል ብሎ መምረጥ አለበት። ያን ካላሟላ ወረቀቱ ይጣላል።"

"ይጣላል?"

"ውድቅ ነው። አገራችን ግን አባል ስላልሆነች ድምፅ የለንም።"

"ድምፅ ባይኖረን ጆሮ አለን" አለች ወርቂቱ፤ ደብተሯን አወጣችና አህጉር የሚለውን ሰፈር እያለች መጻፍ ጀመረች።

እሁድ ትምህርት ቤቱ ግቢ ማስክ አድርጎ ለተሰበሰበው ሕዝብ የኒውዮርኩን ምርጫና የዳኞቹን የዘጠኝ ዓመት ገደብ ተርካ ደንቡን አነበበችለት። ከየሰፈሩ ቢያንስ አንድ፣ ሴት ቢያንስ ሁለት፣ ድምፅ በምስጢር፣ ሁለት ሦስተኛ። ኦቦ ኦልጅራ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"ሴት ዳኛ? ድንኳኑን ማን ሊተክል ነው?"

ድንች ነጋዴዋ ጉዴ ከኋላ ተቀበለቻቸው። "ኦቦ ኦልጅራ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመት እርስዎ የተከሉት ድንኳን ካለ አንዱን ይንገሩን!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ራሳቸው ሳቃቸው አመለጣቸውና ተቀመጡ። ደንቡ ጸደቀ፤ ዕጩዎች ተጠቆሙ፣ ዐሥራ አራት ሆኑ። ወርቂቱንም ሦስት ሰው ጠቁሟት ነበር፤ እሷ ግን "የሚቆጥር ሰው አይወዳደርም" ብላ ስሟን አስወጣች።

ማንበብ ለማይችሉት ዱረቲ ለየዕጩው ሥዕል ሣለች፤ ምልክቱ በዕጣ ተከፋፈለ። ለኦቦ ኦልጅራ የገብስ ዛላ፣ ለጉግሳ ኮርቻ፣ ለጉዴ በግ ደረሰ።

"ዕድሜዬን ድንች ሸጬ በግ ትሰጡኛላችሁ?" አለች ጉዴ፤ ከዚያ እንደ በግ ጮኻ አሳቀቻቸው።

የምርጫው ቀን ደረሰ። በመጀመሪያው ዙር አርባ አንድ ወረቀት ተጣለ፤ ሰው ከራሱ ሰፈር ብቻ መርጦ ነበራ። ወርቂቱ የወደቁትን ወረቀቶች ከፍ አድርጋ አሳየች። "የእነዚህ ሰዎች ልፋት ገደል ገባ! ሰፈራችሁን ውደዱ፣ ግን ጎረቤትም አላችሁ።" በዚያው ዙር ጉዴ ብቻዋን አለፈች፤ እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ። በሁለተኛው ዙር የተጣለው አራት ብቻ ነበር፤ ሁለት አለፉ። በሦስተኛው አንዲት የጤና ባለሙያና አንድ ገበሬ ተጨመሩ። አምስት ሞሉ።

ስድስተኛው ወንበር ግን አልቀመስ አለ። ሌሎቹ ዕጩዎች በድምፅ ማነስ ወድቀው ኦቦ ኦልጅራና ጉግሳ ብቻ ቀሩ፤ በአራተኛው ዙር እኩል ለእኩል ወጡ፣ በአምስተኛው ጉግሳ በሦስት ድምፅ በለጠ፣ ሁለት ሦስተኛው ግን የት ተገኝቶ! ሰው ተቁነጠነጠ፤ ከብቶቹ ወደ ቤት የሚገቡበት ሰዓት ደረሰ። ወርቂቱ የስድስተኛውን ዙር ወረቀት ማደል ጀመረች፤ ነገሩ አሁን ቢፈርስ ዳግመኛ እንደማይነሣ ታውቃለች።

ኦቦ ኦልጅራ ጠሯት። "አዴ ወርቂቱ፣ እነዚያ ኒውዮርክ ያሉት እንዲህ ሲገጥማቸው ምን ያደርጋሉ?"

"ዕጩው ከፈለገ ራሱን ያገላል፣ ኦቦ።"

"ተዋርዶ ነው?"

"ኧረ ተመስግኖ!"

ሽማግሌው የገብስ ዛላ ያለበትን ወረቀት ለሁለት አጠፉና ወደ ጉግሳ ሄዱ። "ዐሥራ ስምንት ዓመት ዳኛ ነበርኩ። ዘጠኝ ይበቃ ነበር ለካ!" አሉ። ጉግሳ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ቀና አድርገው ትከሻውን ሳሙት። ስድስተኛው ዙር በእልልታ ተጀምሮ በእልልታ አለቀ።

ወርቂቱ የተመራጮቹን ስም ስትጽፍ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ነበር። እስከዚያ ቀን የጻፈችው ፍርድ ሁሉ ሌላ ሰው የነገራትን ነበር፤ ይሄኛውን ግን ከመነሻው ጀምሮ እሷ አቃንታዋለች።

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሮጠ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ካቺሲ ከተማ ያሉ ሁለት እድሮች ሰው ላኩባት፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ስትናጥ ውላ ደረሰች። አዳራሹ ጢም ብሎ ጠበቃት። አንድ አዛውንት ከፊት ተነሥተው "ከስድስቱ ዳኛ ሴት ቢያንስ ስንት ነው የሚለው ደንቡ?" አሏት።

"እናንተ ስንት ትላላችሁ?"

"እኩል!" አሉ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ባንድ አፍ። አዛውንቱ ወዲያ ወዲህ አዩ፤ የሚቃወም ሰው አላገኙም። ወርቂቱም ጠመኔውን አነሣችና ሰሌዳው ላይ አጉልታ "ሦስት" ብላ ጻፈች።